ጃፓንኛዋ «ቾቶ» ከ«ትንሽ» በላይ ናት፦ ሳትሳሳቱ ለመጠቀም ደረጃ በደረጃ

ጃፓንኛ የጀመረ ሰው ሁሉ «ቾቶ»ን በመጀመሪያው ሳምንት ያገኛታል። መጽሐፉ «ትንሽ» ይላል። ተማሪው «ትንሽ» ብሎ ይጽፋል፣ ገጹን ይገልጣል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ጃፓን ከገቡ በኋላ ነው።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬን ቅዳሜ ቤቴ ቡና እንዲጠጣ ጋበዝኩት። «ዶዮኦቢ ዋ ቾቶ...» አለኝ። ቃል በቃል ሲፈታ «ቅዳሜ ትንሽ...» ነው። ቆሜ ጠበቅኩ። ትንሽ ምን? አልጨረሰውም። «እሺ እሁድስ?» አልኩት። እሁድም ቾቶ ሆነ። «የሚመጣው ቅዳሜስ?» ሰውየው አንገቱን እያሻሸ ወደ ሊፍቱ አፈገፈገ። ሦስት ጊዜ እምቢ እንደተባልኩ የገባኝ ማታ ጓደኛዬ እየሳቀ ሲያስረዳኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የአገሬ ልጆች እዚያው ቦታ ላይ ሲሰናከሉ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ይዘን እንነሳ። ቾቶ ከኋላዋ የሚመጣውን ነገር ታቀላለች። ጥያቄ ከመጣ ጥያቄው ይቀላል። ወቀሳ ከመጣ ይለዝባል። ከኋላዋ ምንም ካልመጣስ? የቀረው ነገር እምቢታ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ደብተርና የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ አዘጋጁ። ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ራስ ላይ «ትንሽ»፣ በሁለተኛው «አንዴ»፣ በሦስተኛው «እስኪ» ብላችሁ ጻፉ። አራተኛውን ባዶ ተዉት። ደረጃ 5 ላይ እንደርስበታለን።

ከአሁን በኋላ ቾቶን በሰማችሁ ቁጥር ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከአራቱ በአንዱ ስር ጻፉ። ቃሏን ብቻዋን አትጻፉ። ብቻዋን ከጻፋችኋት ተመልሳ «ትንሽ» ትሆንባችኋለች።

## ደረጃ 1፦ አፋችሁን አስተካክሉ

ቾቶ ሁለት ፊደል ትምሰል እንጂ በጃፓን ጆሮ ሦስት ምት ናት። ቾ፣ ዝምታ፣ ቶ። ማለትም «ቶ» ጠብቃ ነው የምትነበበው።

1. ጠረጴዛውን በእኩል ርቀት ሦስት ጊዜ ምቱ። በመጀመሪያው ምት «ቾ» በሉ። በሁለተኛው ምላሳችሁን ጥርሳችሁ ላይ ለጥፋችሁ ዝም በሉ። በሦስተኛው «ቶ» ብላችሁ ልቀቁ።
2. «ቾ»ን እንደ «ጮኸ» ጮ አታፈንዱ። ጃፓንኛ ውስጥ እንደ ጮ፣ ጦ፣ ቆ ያለ የሚፈነዳ ድምፅ የለም። «መቻል» ላይ እንዳለው ለስላሳ ይሁን።
3. አሥር ጊዜ ቅዱና አዳምጡ። «ቾ-ቶ» ብሎ በሁለት ምት ካለቀ ድገሙት።

መጥበቅና መላላት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። «ገና» ላልቶ ሲነበብና ጠብቆ በዓሉ ሲሆን ማንም አይሳሳትም። ችግራችን ወረቀት ላይ ነው። ፊደላችን መጥበቁን አያሳይም። ስለዚህ ጃፓንኛን በአማርኛ ፊደል የምትጽፉ ከሆነ፣ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አድርጉ። እኔ እዚህ በተለመደው መንገድ እጽፋለሁ፤ «ቾቶ»ን ባያችሁ ቁጥር ግን «ቶ»ን አጥብቃችሁ አንብቡ።

ማስጠንቀቂያ። ከቾቶ ጋር የሚሄዱት ግሦችም በመጥበቅና በመላላት ይለያያሉ።

«ቾቶ ማቴ» ቴው ሲጠብቅ «አንዴ ጠብቀኝ» ነው። ቴው ከላላ «ቁም!» ዓይነት ቁጡ ትዕዛዝ ይሆናል። ጃፓኖች ውሻቸውን ምግብ ፊት አስቀምጠው «ማቴ» የሚሉት በዚሁ በላላው ነው። ጓደኛችሁ ላይ አትሞክሩት።

«ቾቶ ኪቴ» ደግሞ በተቃራኒው ነው። ቴው ሲላላ «አንዴ ና» ይላል። ካጠበቃችሁት «ትንሽ ቁረጥ» ሆነ። ፀጉር ቤት ካልሆናችሁ አይጠቅማችሁም።

ካልተሳካ። ሰውየው «ኤ?» ብሎ ጆሮውን ካቀረበ ድምፃችሁን አትጨምሩ። መሐል ያለችውን ዝምታ አስረዝሙ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው እሷ ናት።

## ደረጃ 2፦ በመጀመሪያ «ትንሽ»ን በቦታዋ አስቀምጡ

ይህ ቀላሉ ነው፣ ግን አማርኛችን ሁለት ወጥመድ ያስቀምጥልናል።

1. ለመጠን እንጂ ለቁመት አትጠቀሙባት። እኛ «ትንሽ ልጅ»፣ «ትንሽ ቤት»፣ «ትንሽ ውሃ» ስንል አንድ ቃል ነው። ጃፓንኛ ይለያቸዋል። ልጁና ቤቱ «ቺኢሳይ» ናቸው። ቾቶን ከልጅ ፊት ብታስቀምጧት ሰሚው ግራ ይገባዋል።
2. ከግሡ አጠገብ አድርጓት። «ሚዙ ኦ ቾቶ ኩዳሳይ» በሉ፤ «ውሃ፣ ትንሽ፣ ስጡኝ» እንደማለት። በአማርኛ ልማድ ፊት ላይ አምጥታችሁ «ቾቶ ሚዙ ኦ ኩዳሳይ» ካላችሁ ስህተት አይደለም። ነገር ግን «እስኪ ውሃ ስጡኝ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ብርጭቆው ሞልቶ ቢመጣ አትገረሙ።
3. ሁለት ተጓዳኞቿን ያዙ። «ሞኦ ቾቶ» «ትንሽ ይጨመር» ነው። «ቾቶ ዳኬ» «ትንሽ ብቻ»። ሰው ቤት ሲቀዳላችሁ የመጨረሻዋ ታድናችኋለች።
4. በጽሑፍ ቀይሯት። ቾቶ የአፍ ቃል ናት። ሪፖርት፣ የፈተና ድርሰት፣ ለመሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ላይ «ስኮሺ» ብላችሁ ጻፉ።

ገበያ ላይ ግን ተጠንቀቁ። መርካቶ «ትንሽ ወደድ አለ» ስትሉ ሻጩ ወዲያው «ስንት ልቀንስልህ?» ይላል፣ ወጉም ይጀመራል። በአብዛኛው የጃፓን ሱቅ «ቾቶ ታካይ ዴስ ኔ» ካላችሁ «አልገዛም» ብላችኋል። ሻጩ በትሕትና አጎንብሶ ይሸኛችኋል። ዕቃውን ከፈለጋችሁት ይህችን አትበሉ።

## ደረጃ 3፦ ሰው ስታስቆሙ እርከኑን ጠብቁ

«አንዴ» ለሚለው ዓምድ ነው። እኛ «ጠብቀኝ»፣ «ይጠብቁኝ» እያልን በግሡ እናከብራለን። ጃፓንኛ ቾቶንም ራሷን ይቀይራታል።

- ለጓደኛ፦ «ቾቶ ማቴ»።
- ለማታውቁት ሰው ወይም እኩያ ባልደረባ፦ «ቾቶ ማቴ ኩዳሳይ»።
- ለደንበኛ፣ ለእንግዳ፣ በስልክ ለደወለ ሰው፦ «ሾኦሾኦ ኦማቺ ኩዳሳይ»። እዚህ ቾቶ የለችም። «ሾኦሾኦ» የክት ልብሷ ናት።

ሆቴል፣ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ሦስተኛዋን በቃላችሁ ያዙ። ለደንበኛ «ቾቶ ማቴ ኩዳሳይ» ማለት ስድብ አይደለም፣ ግን አለቃ ሰምቶ ዝም አይልም።

አለቃችሁ ሥራ ላይ እያለ ማናገር ስትፈልጉ ጉዳዩን ዘላችሁ አትጀምሩ። በሩ ጋ ቆማችሁ «ኢማ ቾቶ ዮሮሺኢ ዴስ ካ» በሉ። «አሁን አንዴ ይመችዎታል?» ነው። «ሃይ» ከተባለ ግቡ። ቀና ብሎ «አ፣ ኢማ ዋ ቾቶ...» ካለ ደግሞ ቀጥታ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

## ደረጃ 4፦ እንደ «እስኪ» አለዝቡባት

«አሳየኝ» እና «እስኪ አሳየኝ» ያላቸውን ልዩነት ታውቃላችሁ። ቾቶም ይህንኑ ትሠራለች።

1. «ሚሴቴ ኩዳሳይ» (አሳዩኝ) ፊት ቾቶ አስገቡ፦ «ቾቶ ሚሴቴ ኩዳሳይ»። ለዘበ።
2. መንገድ ለመጠየቅ ሰው ስታስቆሙ «ቾቶ ሱሚማሴን» በሉ። «ይቅርታ አንዴ» ነው።
3. ከበድ ያለ ነገር ልትጠይቁ ከሆነ መንገዱን አስቀድማችሁ ጥረጉ፦ «ቾቶ ኦኔጋይ ጋ አሪማስ ጋ...»። እኛ «አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር» እንደምንለው ነው። ከዚያ ዝም በሉ። ሰውየው «ናን ዴስ ካ» (ምንድን ነው) እስኪል ጉዳዩን አታውጡ።

ማስጠንቀቂያ። ቾቶ ያለው ሰው ነገሩ ትንሽ ነው አላለም። ጎረቤቴ አንድ ቀን በር አንኳኩቶ «ቾቶ ቴትሱዳቴ» አለኝ፤ «እስኪ አንዴ አግዘኝ»። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ወጣሁ። ፍሪጅ ነበር። አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። ስትጠሩ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ጫማችሁንም ቀይሩ።

እናንተም ስትጠቀሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ቾቶ በላይ አትክተቱ። ሁለት ሲሆን የምትለማመጡ ይመስላል።

## ደረጃ 5፦ ያልተጨረሰው ዓረፍተ ነገር

ባዶ የተውነው ዓምድ ይህ ነው። ራሱ ላይ ሦስት ነጥብ አድርጉ። ብዙ ጊዜ የምንወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

እምቢ ሲሏችሁ መለየት

ሦስት ምልክት አለ። አንደኛ፣ ነገሩ ይጠቀስና «ዋ» ይከተላል፦ «ዶዮኦቢ ዋ»፣ «ሶሬ ዋ» (እሱማ)። ሁለተኛ፣ ቾቶ መጥታ መጨረሻዋ ይሳባል፤ «ቾቶኦኦ...»። ሦስተኛ፣ ገላ ይናገራል። ጭንቅላት ወደ ጎን ዘንበል ይላል፣ እጅ ወደ ማጅራት ይሄዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጥርስ መሐል «ስስስ» እየተባለ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል።

በተለይ ይህችን አየር ልብ በሉ። እኛ አገር ትንፋሽን በአጭሩ ወደ ውስጥ መሳብ «አዎ» ነው። ጃፓን ውስጥ በጥርስ መሐል የተሳበ አየር «ይቸግራል» ነው። እኔ ሊፍቱ ጋ የተሳሳትኩት አንዱም በዚህ ነበር። ሰውየው አየር ሲስብ «አዎ ሊል ነው» ብዬ ፈገግ አልኩለት።

እምቢ ሲሏችሁ መመለስ

1. «ቾቶ ምን?» ብላችሁ አትጠይቁ። ምክንያት አታስወጡ። ሌላ ቀን አትቁጠሩ።
2. ወዲያው «አ፣ ሶኦ ዴስ ካ» (እሺ፣ ገባኝ) በሉ።
3. በሩን ክፍት ተዉት፦ «ጃ፣ ማታ ኮንዶ»፤ «እንግዲህ ለሌላ ጊዜ»። ሰውየው በእውነት መምጣት ፈልጎ ቀኑ ብቻ ካልተመቸው ሌላ ቀን ራሱ ያነሳል። ካላነሳ ጉዳዩ አለቀ።

ይህ ከኛ ብዙም አይርቅም። «እሺ፣ እናያለን» ተብለን ስንሄድ ማናችን ነን ቀን የምንቆጥረው? እዚያ የምንጠቀምበትን ጆሮ ይዘን መሄድ ነው እንጂ።

እናንተ እምቢ ስትሉ

1. «ሱሚማሴን» ብላችሁ ጀምሩ።
2. የማይሆነውን ነገር ጥቀሱ፦ «ኮንባን ዋ» (ዛሬ ማታ)።
3. «ቾቶ» በሉና መጨረሻዋን ሳቡ። ድምፃችሁ ይውረድ።
4. አቁሙ። ዝምታው ይጨንቃችኋል፤ አትሙሉት። እኛ ባህላችን ምክንያት መደርደር ነው፤ እናቴ ታማ፣ እንግዳ መጥቶብኝ። እዚህ ግን ምክንያት ስትጨምሩ ሰውየው መፍትሔ መፈለግ ሊጀምር ይችላል፣ እናንተም ውሸት ትደርባላችሁ። ለቅርብ ጓደኛ እውነተኛውን ምክንያት ንገሩ፣ ለሌላው ግን ዝምታው ይበቃል።

በሥራ ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ተጨርሶም እምቢታ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካ ውስጥ የካይዘን (የአሠራር ማሻሻያ) ሐሳብ አቀረባችሁ እንበል። ኃላፊው ወረቀቱን አይቶ «ቾቶ ሙዙካሺኢ ዴስ ኔ» ካለ ትርጉሙ «ትንሽ ከባድ ነው» ይመስላል። «አይሆንም» ብሏል። «ከባድ ቢሆንም እንሞክር» ብላችሁ ስትከራከሩ ሰው ፊት እያፋጠጣችሁት ነው። ወረቀቱን ወስዳችሁ አሻሽላችሁ ተመለሱ።

አደገኛ ቦታዎች፦ እዚህ ቾቶ አትበሉ

- *ምግብ።* ጾም ላይ ሆናችሁ «ኒኩ ዋ ቾቶ...» (ሥጋማ ትንሽ...) ካላችሁ «ብዙም አይወድም» ተብሎ ሥጋው ተለቅሞ መረቁ ሊቀርብላችሁ ይችላል። «ኒኩ ዋ ታቤራሬማሴን» (ሥጋ መብላት አልችልም) በሉ። አለርጂ ካለባችሁማ ፍጹም አትለሳለሱ።
- *ሐኪም።* «ያማል?» ስትባሉ በይሉኝታ «ቾቶ» ካላችሁ ካርዱ ላይ «ትንሽ ያማል» ተብሎ ይጻፋል። ሕመሙ ከባድ ከሆነ «ቶቴሞ ኢታይ» (በጣም ያማል) በሉ።
- *አደጋ።* አምቡላንስ ወይም እሳት አደጋ በ119፣ ፖሊስ በ110 ስትደውሉ ማለዘቢያ አያስፈልግም። «ታሱኬቴ» (አድኑኝ) ማንም ይገባዋል።
- *ውል።* ፈርሙ ስትባሉ ካልተስማማችሁ «ቾቶ...» ብላችሁ እየሳቃችሁ አትፈርሙ። «ሳይን ዴኪማሴን» (መፈረም አልችልም) በሉ።

## ደረጃ 6፦ ለጆሮ ብቻ የምትያዝ ቾቶ

ይህችን ገና አትናገሯት፣ ስትሰሟት ግን እወቋት። «ቾቶ ኢኢ ሚሴ» ሲሉ «ትንሽ ጥሩ ምግብ ቤት» አይደለም። «ቀላል አይምሰልህ፣ ደህና ቤት ነው» ነው። «ቾቶ ዋካሪማሴን» ደግሞ «ትንሽ አልገባኝም» ሳይሆን «እንጃ፣ አላውቅም» ነው። የጣቢያ ሠራተኛ ይህን ካላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ፤ ትንሽ ቢገፋ ያውቃል ብላችሁ አትቁሙ።

## ደረጃ 7፦ ብቻዋን ስትወጣ

«ቾቶ!» በአጭሩ፣ ጠንከር ብሎ ሲባል «ስማ እንጂ!» ወይም «ኧረ ተው!» ነው። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን ትለዋለች። ባቡር ውስጥ ሰው ሲጋፋም ትሰማላችሁ። አስተናጋጅ ለመጥራት አትጠቀሙባት። ለሱ «ሱሚማሴን» አለ።

## ሲበላሽ

እምቢ ብላችሁ ሰውየው አሁንም ከጠበቀ። ድምፃችሁን በአጭሩ ዘግታችሁ ይሆናል። «ቾቶ» ብሎ መቁረጥ «ቆይ፣ ልጨርስ» ይመስላል። አንዴ አጎንብሳችሁ «ሱሚማሴን» ብቻ ጨምሩ። ይገባዋል።

«ቾቶ ምን?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ ከገባችሁ። ሰውየው ምክንያት እየፈለገ ነው፤ ቶሎ አውጡት። «ኢኢ ዴስ፣ ኢኢ ዴስ፣ ማታ ኮንዶ» (ግዴለም፣ ግዴለም፣ ለሌላ ጊዜ) በሉና ወሬ ቀይሩ። በማግስቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ተመልሳችሁ አታንሱት።

«ትንሽ» ይሁን «እምቢ» መለየት ካቃታችሁ። ከቾቶ በኋላ ግሥ ወይም ቅጽል መጥቷል? ከመጣ በመጣው ቃል ፍረዱ። ካልመጣ «አይሆንም» ብላችሁ ተቀበሉ። «እምቢ» ብላችሁ ብትሳሳቱ ሰውየው ራሱ ያርማችኋል። «እሺ» ብላችሁ ብትሳሳቱ ግን እንደ እኔ ሊፍት ድረስ ታሳድዳላችሁ።

ለአለቃ «ቾቶ ማቴ» ካመለጣችሁ። ወዲያው «አ፣ ሱሚማሴን፣ ሾኦሾኦ ኦማቺ ኩዳሳይ» ብላችሁ ድገሙት። መታረማችሁን ያያል፣ አይቀየምም።

## የመጀመሪያው የውጭ ልምምድ

አምስተኛውን ደረጃ ከመሞከራችሁ በፊት ምንም የማትጎዳ ቦታ ላይ ጀምሩ። ጠዋት ስትወጡ ደጃፏን የምትጠርግ አሮጊት ጎረቤት ካለች «ኦዴካኬ ዴስ ካ» ትላችሁ ይሆናል፤ «መውጣትዎ ነው?»። የት እንደምትሄዱ ማወቅ ፈልጋ አይደለም። ሠፈር ውስጥ «ወዴት ነው?» ሲሉን «እዚህ ድረስ» ብለን የምናልፈው ዓይነት ሰላምታ ነው። ስለ ኢሚግሬሽን ቢሮና ስለ ቪዛችሁ አትዘርዝሩላት።

ቆም ሳትሉ ዝቅ ብላችሁ «ኤኤ፣ ቾቶ ሶኮ ማዴ» በሉ፤ «አዎ፣ እዚያች ድረስ» እንደማለት ነው። ቶን አጥብቁ። «ኢቴ ራሻይ» (በሰላም ሂዱ) ብላ ወደ መጥረጊያዋ ትመለሳለች። እናንተም መንገዳችሁን ቀጥሉ።